ለሃምዛ የሸጥኩት ላንድሮቨር

ያን ላንድሮቨር አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠልቼዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የሠራሁትን ስትሰሙ የብረቱ ፍቅር ይዞኝ እንዳይመስላችሁ ነው። ፍቅሩ የያዘው ከበበውን ነው። ከበበው ባሌ ነው፤ ቢያንስ እስከዚያ ሰኞ ድረስ ባሌ ነው ብዬ ነበር የምኖረው።

ዕድሜውን በሙሉ የመንገድ ቀያሾችን ከበረሃ በረሃ ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነው። በ2001 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ አሮጌ መኪኖቹን በጨረታ ሲያወጣ፣ በወጣትነቱ የነዳውን አረንጓዴ ላንድሮቨር አሸንፎ በሌላ መኪና አስጎትቶ ላፍቶ ግቢያችን ውስጥ ከተተው። ሁለት ወር ስጪኝ፣ እንደ አዲስ አደርገዋለሁ አለኝ። በሦስተኛው ወር ሞተሩን አወረደው። ሞተሩ ከዚያ ወዲህ ወደ ቦታው ተመልሶ አያውቅም። ካምቢዮው አልጋችን ሥር ገባ። የሞተሩ ክዳን፣ እነሱ ቴስታታ የሚሉት፣ በአሮጌ አንሶላ ተጠቅልሎ የክት ቀሚሴ የሚሰቀልበት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። ብሎኖቹ በወተት ጣሳ ውስጥ ሶፋ ሥር ናቸው፤ እንግዳ ሲመጣ በእግሬ ወደ ውስጥ እገፋቸዋለሁ። በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲደርስ "ዘንድሮ አስነሳዋለሁ" ይላል። እኔም በየዓመቱ መጀመሪያ ዶሮዎቹን አስፈቅድ እለዋለሁ፤ የኋላ ወንበሩ ላይ እንቁላል መጣል ከጀመሩ ቆይተዋል።

ዘንድሮ ግን ነገር ተለወጠ። አዲስ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና፣ ያውም ዳገት የማይፈራ የመስክ መኪና፣ ፈላጊው በዛ። የሚያድሱት ሰዎች በየሰፈሩ እየዞሩ ያጠያይቃሉ። ከበበውም ጉልበቱን ስለሚያመው መኪናው ሥር ከገባ መውጣቱ ጭንቅ ሆኖበታል። አንድ ቀን እራት ላይ፣ ልሸጠው ነው፣ በቦታው ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሠርተን እናከራያለን አለኝ። ጆሮዬን አላመንኩም። ሐሳቡን እንዳይለውጥ ፈርቼ ምንም ሳልናገር ወጥ ጨመርኩለት።

ገዢው ሃምዛ ሰኞ ጠዋት መጣ። የፉሪ ሰው ነው፣ ዕድሜው ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው። አባቱ እዚያው ፉሪ ገበሬ ናቸው፤ እሱ ከእርሻው በተረፈችው መሬት ላይ ጋራዥ ከፍቶ እንዲህ ያሉትን አሮጌ መኪኖች እያደሰ ለአስጎብኚዎች ይሸጣል። እኔ ቧንቧው ሥር ልብስ እያጠብኩ ነበር። ከኪሱ ማግኔት አውጥቶ በሩ ላይ ሲያደርገው ማግኔቱ ወደቀ። በቃ፣ አይገዛውም ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ለካ ለጥሩ ነው፤ የላይኛው አካል አሉሚኒየም ስለሆነ ዝገት አይነካውም። ከዚያ በጀርባው ተኝቶ ሥሩ ገባ፤ ሻንሲውን በመዶሻ እጀታ እየነካካ ድምፁን አዳመጠ፤ ቁጥሩን በሽቦ ብሩሽ ፍቆ አነበበ። ሲወጣ ፊቱ ላይ ዶሮ ኩስ ነበር፤ ግን ፈገግ ብሏል።

ዋጋው ላይ ለመስማማት ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። ወሬው ሁሉ በሁለቱ መካከል ነው፤ እኔ አምስት እርምጃ ርቄ ልብስ እጨምቃለሁ። እሱ ከበበውን "ጋሼ" ይላል፣ ከበበው እሱን "አንተ ልጅ" ይላል። ቴስታታውን አምጪ ስባል አመጣሁ። ካምቢዮውን እየጎተትን ስናወጣው እኔም አንድ ጫፍ ያዝኩ። ምሳ ሲደርስ አብረን በላን። ተስማምተው እጅ ለእጅ ከተጨባበጡ በኋላ ሃምዛ ሊብሬውን አሳዩኝ አለ። ከበበው ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጠው። ሃምዛ ከፍቶ አነበበና ቀና ብሎ ፈለገኝ።

"ማዘር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለኝ። "ለካ መኪናው የእርስዎ ነው።"

እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። ከበበው ሳቀና "ተወው፣ ለወረቀት ነው" አለ።

ለወረቀት መሆኑ እውነት ነው። በ2005 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ሲከፈት ሰፈሩ ሁሉ ተሯሯጠ። ቤት ያለው ሰው መመዝገብ አይችልም፤ ባልና ሚስት ደግሞ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። እኛ የምንኖርበት ቤት ከበበው ከእኔ በፊት የሠራው ነው፤ ካርታውም በስሙ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ እንዳደረጉት አደረግን፤ በወረቀት ተፋታን። ቤቱ ለእሱ፣ ላንድሮቨሩ ለእኔ ተባለ። እኔም ቤት የሌላት ፈት ሴት ሆኜ ተመዘገብኩ። ጥፋት መሆኑን አላጣሁትም፤ ግን ያን ጊዜ በእኛ መንገድ ላይ ብትቆጥሩ ግማሹ ቤት በወረቀት የተፋታ ነበር፤ ማታ ሁሉም ከፈታት ሚስቱ ጋር እራት ይበላ ነበር። ዳኛዋ የመታረቅ ተስፋ የላችሁም ወይ ብላ ስትጠይቅ ከበበው ሐዘን የደረሰበት ሰው መስሎ "የለንም" አለ፤ ከጠረጴዛው ሥር ግን እግሬን ረገጠኝ። ከዚያ ወጥተን ጎፋ ጥብስ በላን። ቢራውን አንስቶ "ለፍቺያችን" አለኝ። ነገሩ ሁሉ እውነት እንዲመስል ብሎ ሊብሬውን ወደ ስሜ ያዞረው እሱ ራሱ ነው። እጣው ሲወጣ እንጋባለን ተባባልን። እጣው አልወጣም፣ እኛም ረሳነው።

ሃምዛ ይህን በአጭሩ ከነገርነው በኋላ እያስረዳን ነው። ሻጯ እኔ ስለሆንኩ የምፈርመው እኔ ነኝ፤ ከባሌ ጋር የተፋታሁበትን የፍርድ ቤት ውሳኔም ማምጣት አለብኝ። ሐሙስ ጠዋት ውል ጸሐፊ ጋ ተገናኝተን፣ ከዚያ ውል የሚጸድቅበት ቢሮ ገብተን እንጨርሳለን አለ። ቀብዱን በእኔ እጅ ሰጠኝ። እኔም ጨው አቀብዪኝ እንደተባለ ሰው ወዲያው ለከበበው አቀበልኩት።

ከሰዓት በኋላ ከበበው ግንበኛ ሊያነጋግር ሲወጣ ውሳኔውን ፍለጋ ሳጥኑን ገለበጥኩ። እንግዲህ የማፍርበትን ልንገራችሁ። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። የሰው ልጅ ሰርተፊኬት ላይ አንዲት ፊደል ብትጎድል የምመልስ፣ ወላጅ የሚፈራኝ ሴት ነበርኩ። የራሴን ወረቀት ግን በዚያ ቀን እየሳቅሁ ፈርሜ ሳላነብ ሳጥን ውስጥ ጥዬው ነበር። አሁን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ጋብቻው በሁለቱ ስምምነት ፈርሷል ይላል። ቤቱ ለአንደኛ አመልካች፣ ተሽከርካሪው ለሁለተኛ አመልካች ይሁን ይላል። ቀጥሎ፣ ከዚህ በኋላ አንዳቸው በሌላው ንብረት ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ አይኖራቸውም ይላል። ማኅተሙ አልደበዘዘም፣ ትናንት የተመታ ነው የሚመስለው።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከሦስተኛው በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም።

ልጅ የለንም። ፈጣሪ አልሰጠንም፤ ለዚያ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ከበበው ግን ወንድሞች አሉት፣ ወንድሞቹም ልጆች አሏቸው። በየበዓሉ ይመጣሉ፤ ጠግበው ከበሉ በኋላ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ አንዱማ ባለፈው ፋሲካ ከአጥር እስከ አጥር በእርምጃ ለካ። ስቄበት ነበር። አሁን ምን ሲለካ እንደነበር ገባኝ። ከበበው ስልሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ግፊት አለበት፤ መድኃኒቱንም እኔ ካላስታወስኩት አይውጥም። አንድ ጠዋት ባይነሳ እኔ ለዚያ ቤት ማን ነኝ? በዚህ ዓለም ላይ የእኔ የሚባለው ነገር ያ የጠላሁት ላንድሮቨር ብቻ ነው። እሱንም ሐሙስ ልሸጠውና ገንዘቡን በከበበው መሬት ላይ ብሎኬት ላደርገው ነው።

የታጠበውን ልብስ ከገመድ አውርጄ እንደገና አጠብኩት። ግቢውን ጠረግሁ። ከበበው ሲመጣ የግንበኛውን ዋጋ እያወራ ነበር፤ እኔ እየሰማሁት አልነበረም። ምን ሆነሻል አለኝ። ወገቤን ነው አልኩት።

ማክሰኞ ወደ ጀሞ ሄድኩ። እዚያ ኤሌኒ የምትባል የድሮ ጎረቤቴ በኮንዶሚኒየም አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። እሷም ከባሏ ጋር በዚያው ዓመት በወረቀት ተፋትታለች። ባሏ ካቻምና ሞተ፤ ወንድሞቹ ውሳኔውን ይዘው መጡና ቤቱን ወሰዱት። ይህን ያኔም ሰምቻለሁ፣ ለቅሶም ደርሻለሁ፣ ከንፈሬንም መጥጫለሁ። የእኔም ታሪክ እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልታየኝም። ሰው ስለራሱ እንዲህ ይታወራል።

ኤሌኒ ለምን እንደመጣሁ ሳልነግራት ገባት። ፊቴን አይታ ነው። እንደሷ አልተቀመጥኩም፤ መስኮቷ ጋ ቆሜ ታች ሰልፍ የያዘውን የታክሲ ተሳፋሪ እያየሁ ነበር የምጠይቃት።

"በቀብሩ ቀን ሚስት ነበርኩ" አለችኝ። "ደግፈው ያዙኝ፣ አለቀሱልኝ። በሰልስቱ ማግስት ነው ወረቀቱን ያወጡት። እኔ'ኮ ሰውየውን ክፉ ነው አልልሽም አፀዴ፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ረስቶት ነው የሞተው።"

ስወጣ ደረጃው ድረስ ተከትላኝ መጣች፤ ዛሬ ነገ አትበዪ፣ ሂጂና አግቢው አለችኝ። ከጀሞ የተሳፈርኩበት ታክሲ ወደ ላፍቶ የሚሄድ መሆኑን እንኳ ሳልጠይቅ ገብቼ ሌላ ቦታ ወረድኩ።

ረቡዕ ጠዋት ወረዳ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት ለጋብቻ ምን እንደሚያስፈልግ ነገረኝ፤ መታወቂያ፣ ፎቶ፣ የፍቺው ወረቀት፣ ምስክሮች። ሙሽራዋ ልጅዎት ናት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ አየኝና እንኳን ደስ ያለዎት አለ። ደግሞም ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ብትመጡ ይደርሳል አለኝ። ከዚያ ወጥቼ ፎቶ ተነሳሁ። ፎቶ አንሺው ፈገግ እንድል ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ በሁለቱም አልቻልኩም።

ከበበውን ያገኘሁት ላንድሮቨሩ አጠገብ ነው። ሃምዛ ከመውሰዱ በፊት ጎማዎቹን እየነፋ ነበር። ነገ ከመፈረማችን በፊት ወረዳ ደርሰን እንጋባ አልኩት። መነጽሩን አውልቆ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ቬሎ ልከራይልሽ ወይ አለኝ። ፎቶዬን አውጥቼ አሳየሁት። ሳቁ ቀነሰ። መጀመሪያ ሰው ይስቅብናል አለ። ቀጥሎ እጣው ቢወጣስ አለ። አሥራ ሁለት ዓመት ያልወጣ እጣ ነገ ጠዋት ነው ወይ የሚወጣው አልኩት። በመጨረሻ እውነተኛውን ምክንያት ተናገረ፦ ነገ ጠዋት ብንጋባ ወረቀቱ ሁሉ ይበላሻል፣ ያንቺ ማስረጃ ፈት ነሽ ይላል፣ እንደገና የባል ፈቃድ፣ እንደገና ማስረጃ፤ ሃምዛ ደግሞ ሌላ መኪና አይቷል፣ አይጠብቀንም። ከሸጥን በኋላ ቀስ ብለን እንጋባለን አለ። ነገሩ እውነት ነበረው። ያንገበገበኝም እውነት መሆኑ ነው።

"አፀደ፣ አታምኚኝም ማለት ነው?" አለኝ።

"አምንሃለሁ። የምፈራው አንተን አይደለም፤ መሞትህን ነው።"

ሞትን አትጥሪብኝ አለና ወደ ጎማው ተመለሰ። ጥቂት ነፋና፣ ሳያየኝ፣ ከሸጥን በኋላ ቃሌ ነው አለ። ቃሉን ያዝኩ። ምን ሌላ የምይዘው ነበረኝ? ያን ቀን ወጥ ሁለት ጊዜ አሳረርኩ።

ሐሙስ ጠዋት ውል ጸሐፊው ጋ ደረስን። አቶ አስረስ ይባላሉ፤ ከቢሮው ማዶ በኮንቴይነር ውስጥ ኮምፒውተራቸውን ዘርግተው ውል የሚጽፉ ጡረተኛ ናቸው። ሃምዛ ሁለት ምስክሮች ይዞ ቀድሞ መጥቷል። እኔ ሻጭ በሚለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ ከበበው በሩ ላይ ቆመ። አቶ አስረስ ስሜን ጠየቁ፣ መታወቂያዬን አዩ፣ የፍቺውን ውሳኔ አነበቡ። "የተፋታች" ብለው ሲጽፉ ሰማሁ፤ እየጻፉ የማንበብ ልማድ አላቸው። የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ ሞተሩ የወረደ መሆኑን ገዢው አውቆና ተቀብሎ፣ እያሉ እስከ ታች ወረዱ።

በመጨረሻ የሻጭ ምስክር ጠየቁ። እኔ ሰው አላመጣሁም፤ ምስክር እንደሚያስፈልግም ማንም አልነገረኝም። ከበበው ከበሩ ላይ "እኔ አለሁ" አለ። አቶ አስረስ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው አዩት።

"ምስክር ዘመድ መሆን የለበትም። ለወይዘሮ አፀደ ምናቸው ነዎት?"

"ምናቸውም አይደለሁም" አለ ከበበው። "ጎረቤት ነኝ።"

ሃምዛ ሰኞ ከእኛ ጋር ከአንድ ትሪ በልቷል። አልጋችን ሥር ተጎንብሶ ካምቢዮ አውጥቷል። አየኝና ቶሎ ብሎ ወደ ስልኩ አቀረቀረ።

ልናገር፤ እንዲህ ማለት እንደነበረበት አውቃለሁ። ባሏ ነኝ ቢል ውሉ እዚያው ይቆም ነበር። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ምናልባት እንዲሁ እል ነበር። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬ አንድ ቀን አንቱ ብሎኝ አያውቅም። ደግሞ ከበበው ሲዋሽ አውቀዋለሁ። ሲዋሽ ቀኝ ጆሮውን ይነካል። ለአለቃው ሲዋሽ ይነካል፣ ለወንድሞቹ ሲዋሽ ይነካል፣ ያኔ ዳኛዋ ፊት የመታረቅ ተስፋ የለንም ሲል ሁለት ጊዜ ነክቷል። አሁን እጁ ላይ አፈጠጥኩ። ምንም አልነካም። እስክሪብቶ ይፈልግ ነበር።

አቶ አስረስ ያሳዩኝ ቦታ ላይ ፈረምኩ። ከበበውም ከእኔ ፊርማ ሥር፣ ምስክር በሚለው ላይ ፈረመ። መንገዱን ተሻግረን ቢሮ ገባን፤ ሰልፍ ጠበቅን፣ ተጠራን፣ ጨረስን። ሃምዛ ቀሪውን ገንዘብ በስሜ ባለው ሒሳብ አስገባልኝና ደረሰኙን በሁለት እጁ ሰጠኝ። ማዘር፣ ሲታደስ ይዤው መጥቼ አሳይዎታለሁ ኢንሻአላህ አለኝ። ከዚያ ከግቢያችን አስጎትቶ ሊወስደው ከሰዎቹ ጋር ሄደ።

በረንዳው ላይ እኔና ከበበው ቀረን። ከበበው ደስ ብሎታል፤ ጉልበቱን እንኳ ረስቶታል። ብሎኬት ሻጩ እስከ ስድስት ሰዓት ነው ያለው፣ ቀብድ እንስጠውና ግንበኛው ሰኞ ይጀምር አለ። እጁን ዘረጋ፤ ደረሰኙን ሊቀበለኝ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

"ጎረቤቴ ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቢሠራ ለእሱ ጥሩ ነው" አልኩት። "እኔ ግን ከኪሴ የማወጣበት ምክንያት አይታየኝም።"

መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር። ከዚያ ገባው። ምን ልበል ነበር ታዲያ አለኝ፤ ነገሩን ያደረግሁት ለሁለታችን አይደለም ወይ አለኝ፤ ድምፁ ከፍ አለ፣ ሰልፍ የቆመው ሰው ዞሮ አየን። አውቃለሁ፣ ልክ ነህ አልኩት። ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ አለኝ። ጆሮህን አልነካህም አልኩት። የትኛውን ጆሮ አለ፤ የምለው ጨርሶ አልገባውም፤ ጆሮውን እንደሚነካ እሱ ራሱ አያውቅም። እብደትሽ ሲለቅሽ ነይ ብሎ ታክሲ ውስጥ ገብቶ ሄደ።

እኔ በእግሬ ተነሳሁ። ከሰኞ ጀምሮ እግሬ አልረጋ ብሎ ነበር፤ ያን ቀን ግን የምሄድበትን ሳላውቅ ነበር የምሄደው። ቤት የሚያከራዩ ደላሎች የሚቀመጡበት ጥግ ጋ ቆምኩ። አንዱ ምን ፈልገሽ ነው እናቴ አለኝ። ለአንድ ሰው የሚሆን ክፍል ስንት ነው ብዬ ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። በሒሳቤ የገባው ገንዘብ ስንት ዓመት እንደሚያኖረኝ በልቤ አሰላሁ፤ ዕድሜዬን አይጨርስም፣ ግን አጭርም አይደለም። አመስግኜው አለፍኩ። ከበበውን ወደድኩት፣ ጠላሁት፣ መድኃኒቱን ውጦ ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ይህን ሁሉ ከአንድ የመብራት እንጨት እስከ ሌላው።

ከቀትር በኋላ በራችን ላይ ደረስኩ። ሃምዛና ሰዎቹ መኪናውን ወስደው ሄደዋል፤ አስፋልቱ ድረስ የጎማ ምልክት አለ። ከውስጥ የሬዲዮ ድምፅ ይሰማል። ቁልፌ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ በእጄ ነካሁት። አላወጣሁትም። አንኳኳሁ።

ሬዲዮው ዝም አለ።

"ማነው?" አለ ከበበው ከውስጥ።

"ጎረቤት ነኝ" አልኩት።

ሄዶ የተቀመጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ መቀርቀሪያው ተንኳኳ፣ በሩ ተከፈተ። ከበበው ነጠላ ጫማውን ገልብጦ አድርጎ ቆሟል። ከኋላው ግቢው ባዶ ነው፤ ዶሮዎቹ የት እንደሚገቡ ጠፍቷቸው ይዞራሉ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ከዚያ በፊት አይቼበት አላውቅም፤ ፍርሃት ነው።

"ነገ ጠዋት ወረዳ እንሂድ" አለኝ። "እኔም ፎቶ እነሳለሁ። ገንዘቡን ተዪው፣ ያንቺ ነው፤ ብቻ እንሂድ።"

እጁን አየሁ፤ የበሩን ጠርዝ ይዟል፣ ጆሮውን አልነካም። አራት ቀን ሙሉ ስመኘው የሰነበትኩት ይህንኑ ነበር። ከአፉ ሲወጣ እዚያው ቁጭ ብዬ የማለቅስ መስሎኝ ነበር። ግን አሁን በተራዬ የምጠየቅ ሴት ነበርኩ፣ መልሱም ከእኔ ጋ ነበር፤ ይህም ከቤቱ በላይ ናፍቆኝ የኖረ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

አስብበታለሁ አልኩት። የምሬን ነበር።